ስሜና ቀኑ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

«ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አለችኝ ማዳም። ካውያው እጄ ላይ ነው፤ የሰው ዲሽዳሻ፣ ያ ረጅሙ የወንድ ቀሚስ፣ ግማሹ ተተኩሶ ግማሹ ቀርቷል። ኩዌት፣ ሱራ ሰፈር ባለችው ልብስ ማጠቢያ ሱቋ አራት ዓመት ስተኩስ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ለምን ስላት «ራስሽ ነሽ የለቀቅሽው» አለች። እኔ? መቼ? ዲሽዳሻውን ጨርሼ ሰቀልኩት። ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ተነስቼ ለበስኩ። ከዚያ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ አለኝ።

ኢቃማዬ በሱቁ ስም ነው። ሱቁ ካባረረኝ እዚህ አገር የምኖርበት ወረቀት የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?

ማዳም ስልክ አታነሳም። ከሰዓት አንድ ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ዓረብኛ ነው። ከታች ያለው ግን የኔ እጅ ጽሑፍ ነው። አስካለ። «ስ»ዋ ጠማማ ናት፤ አወቅኋት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ትዝ አለኝ። ባለፈው ወር ነው። «ለኢቃማ እድሳት ነው፣ አሻራሽን አድርጊ» ብላ ቀለም አቀረበችልኝ። ያበጥኩት እኔ ነኝ! «አሻራ ድሮ ቀረ፣ እስክሪብቶ አምጪ» አልኳት። ጻፍኩ። አጨበጨበችልኝ።

አሻራ በማደርግበት ጊዜ ምን ይላል ሳልል ጣቴን አሳርፌ አላውቅም፤ ዓረብኛ ለሚያነበው ለመስፍን በስልክ እየላክሁ አስነብብ ነበር። ስሜን መጻፍ ስችል መጠየቅ ተውኩ። አፍሬ ይሁን ኮርቼ፣ አሁንም አልገባኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሻርቅ ሰፈር፣ የምንጸልይበት ቤት። መስፍን ቁርጡባ በሚባል ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ከጸሎት በኋላ። ፎቶውን ሁለቴ አነበበው።

«እትዬ፣ በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ ነው የሚለው።»

«አንተ ነህ ጉድ የሠራኸኝ!» አልኩት፣ በሰው ፊት።

«ያስተማርኩዎት የኛን ፊደል ነው እንጂ የማዳምን አይደለም።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ድንገት ማባረር አይችልም፣ ሱቁ ትንሽ ነው ተብሎ ሕጉ አይቀርም ይላል መስፍን። ማዳም መች አባረርኩ አለች? ለቀቀች ነው ያለችው። ይህንኑ ነገርኩት። እሑድ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ እንሂድ አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሄድን። መነጽር ያደረገ ሰውዬ ፎቶውን አስፍቶ አየና ከስሜ አጠገብ ያለውን በጣቱ ነካ። 20/2/2018። እኔው የጻፍኩት ቀን ነው። «ስም ጽፎ ቀን መተው ግማሽ ሥራ ነው» እያለ መስፍን ነው ያስለመደኝ።

ሰውዬው የተቀጠርኩበትን ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ አንድ ነገር ተናገረ። መስፍን ሳቁን ዋጠ።

«እትዬ፣ በነሱ አቆጣጠር 2018 የት ነበሩ?»

ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ኩዌት በየት በኩል እንዳለችም አላውቅም ነበር። በነሱ ካሌንደር ሱቁ ሊቀጥረኝ ሦስት ዓመት ሲቀረው ለቅቄያለሁ!

«ሲያስፈርሙሽ ያነበበልሽ ሰው ነበር?» ተባልኩ። የለም አልኩ። ጻፈው። ማዳም ረቡዕ ትጠራለች፤ እስከዚያ ኢቃማዬ አይነካም። ከዚያ በኋላስ? መስፍንም አያውቅም።

ሰውዬው የአቤቱታውን ወረቀት ገፋ አድርጎ ፈርሚ አለኝ። እስክሪብቶውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

«አንብብልኝ» አልኩት መስፍንን።

አነበበ።

«ድገመው።»

«ሰው ተሰልፏል እኮ፣ እትዬ!»

«ይሰለፍ።»

ደገመልኝ። አስካለ ብዬ ጻፍኩ። ቀኑ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የኛን ወይስ የነሱን? ያተረፈኝ ስህተቴ ከሆነ ላርመው ነው? መስፍንን አየሁት፤ እሱም አየኝ።

የኛን ጻፍኩ። ሰውዬው ሳቅ ብሎ ከጎኑ የነሱን ጨመረበት።