ፀጉር ብቻ ማርጠብ

ጥቅምት 3

ዛሬም ኦቦ ዲንሳ ፊሽካውን ሲነፋ ዋለ። የዋና አሰልጣኝ ነኝ ይላል… አሁን ማን ይሙት፣ ያን ሆድ ይዞ ቢገባ የገንዳው ግማሽ ይፈሳል። "ሻወር ያልወሰደ አይገባም!" የሻወሩ ውሃ እኮ በረዶ ነው። ለልጆቹ ዘዴ አሳየኋቸው፤ ፀጉር ብቻ ማርጠብ። ዲንሳ በር ላይ ቆሞ ጭንቅላት ይዳስሳል፣ ሌላ አያይም። ሽንት የመጣበትም አይውጣ አልኩ። "የየራሳችሁን መስመር አሙቁ!" ከልጆቹ አንዱ ሮቤራ በሳቅ ውሃ ዋጠ። የማንን እንደዋጠ እግዜር ይወቅ።

እህቴ ቢሊሴ ብቻ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ሙሉ ገላዋን ታጠበች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ለታኅሣሥ የአዲስ አበባ ውድድር ከክለባችን የተመረጠችው እሷ ብቻ ናት። እኔ? ከስምንተኛ ያቋረጥኩ፣ በዋናም ሁልጊዜ መጨረሻ።

ጥቅምት 10

ገንዳው ከረፋ። ዓይናችን ቲማቲም መሰለ። ዲንሳ ክሎሪን ጨመረበት። "ሽታው ከበረታ ውሃው ንጹሕ ነው!" አለ ደረቱን ነፍቶ። ብርድ ገባ ብሎ ደግሞ የአዳራሹን መስኮት ሁሉ ዘጋ። ደንቆሮ! ቢሊሴ ስትስል ዋለች።

ጥቅምት 16

አሁንም ትስላለች። እሑድ ገንዳ የለም፣ እሑድ ሳል የለም… ለእማዬ ነገርኳት።

"ፍል ውሃ ገብቶ የማይስል አለ? በሽታው ሲወጣ ነው፣ ይውጣላት።"

"እማዬ፣ ይሄ እኮ የቧንቧ ውሃ ነው።"

"አንተ ኦሊቃ፣ የአምቦ ውሃ አይደለም እንዴ? አይሸትም እንዴ?"

እሱስ ይሸታል። የእኛ ከተማ ሰው የሸተተ ውሃ ሁሉ መድኃኒት ይመስለዋል። ከዚያ በላይ አልተከራከርኳትም። ለእኔም ተመቸኝ መሰለኝ…

ጥቅምት 24



ቢሊሴ ከውሃ ስትወጣ ደረቷ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። የእኔ አፍ መች ያርፋል? "የዲንሳን ፊሽካ ዋጥሽው እንዴ?" አልኳት። ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ። ከዚያ ሳሉም ጠፋ… ትንፋሽም ጠፋ። ከንፈሯ ጠቆረ። ተሸክሜያት ወጣሁ። ባጃጅ። ጤና ጣቢያ።

ሲስተር ሴና መድኃኒት አፏ ውስጥ ነፋችላት። ቀስ እያለ ትንፋሿ ተመለሰ። የአየር ቧንቧዋ ተቆጥቷል አለች።

"ክሎሪን ለብቻው እንዲህ አይከረፋም። ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሌላ ጋዝ ይሆንና ውሃው ላይ ይተኛል። ዋናተኛ ደግሞ አፉን ከፍቶ የሚተነፍሰው እዚያው ላይ ነው። የልጅ ሳንባ አይችለውም። መስኮት አላችሁ?"

"ዝግ ነው።"

"ልጆቹስ ታጥበው ነው የሚገቡት?"

የቢሊሴን እርጥብ ፀጉር በሸሚዜ ማድረቅ ጀመርኩ። 

ጥቅምት 25

ዲንሳ ውሻ። ዲንሳ ባልዲ። መስኮቱን የዘጋው እጁ ይሰበር! ሁለት ገጽ ሙሉ ሰደብኩት… ቀደድኩት። ሽንቱስ የማን ነበር?

ጥቅምት 30

ውድድሩ ቀረባት። ሲስተር ሴና ደረቷ እስኪያገግም ውሃ አትገባም ብላለች። ቢሊሴ የዋና መነጽሯን አልጋ ስር ወረወረችው።

ሄድኩ። ዲንሳ ቢሮ ገብቼ ነገርኩት። ፀጉሩን፣ ሽንቱን፣ ሁሉንም።

"አንተ መርዝ!"

"መስኮቱንስ እኔ ነኝ የዘጋሁት?"

በጥፊ አጮለኝ። "ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!"

ይቅርታ አላለም። እኔም አላልኩም።

ኅዳር 1

በገንዳው በኩል አለፍኩ። መስኮቶቹ ወለል ብለዋል። ውሃውንም እየቀየሩት ነው። ዲንሳ አየኝና ተፋ።

ኅዳር 14

ሳሙና ይዤ ሻወሩ በር ላይ መቆም ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ዲንሳ ያየኛል፣ አያባርርም፣ አያናግርም። ይጠላኛል። እኔም እጠላዋለሁ። የነገርኩትን ግን እሱ ለማንም አላወራም… እሱም የዘጋው መስኮት አለበታ! ልጆቹ ስም አውጥተውልኛል፤ "ፊሽካ"። ሮቤራ ዛሬ ፀጉሩን ብቻ አርጥቦ መጣ። መለስኩት።

"አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከን?"

"አዎ። ግባና ታጠብ!"

ቢሊሴ ከመስኮቱ ውጭ ሣሩ ላይ ተቀምጣ የሌሎቹን ሰዓት ትይዛለች። ሳሉ ቀንሷል። ከዚያ ቀን ወዲህ አላሳቅኳትም… እፈራለሁ።

"አንተ፣ ቀልድ አለቀብህ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን የፀጉሩን ዘዴ ስትሰማ ትንከተከት ነበር። አሁን አልሳቀችም።  ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ከልጆቹ አንዱ ኦልጅራ ከፀጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ በሻወሩ በር ሹልክ ሊል ሲል አየነው። ገላው ደረቅ ነው።

"ሂድ ያዘው" አለች፣ ዓይኗን ከሰዓቱ ሳታነሳ። "ጭንቅላቱን እንዳትነካ። ብብቱን ዳብስ።"