ገና ያላየሁት ድልድይ

እህት ዓለም፣

በዚህ ፖስታ ካርድ ላይ ያለውን ድልድይ ገና አላየሁትም፤ አንድ ጣቢያ ቀደም ብለን ወረድን። በየዓመቱ ከልጆቼ ጋር ስንጓዝ እኔ «እዚህ!» ያልኩበት መውረድ ልማዳችን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ልማዱን ያመጣው ግን ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ የጣቢያውን ስም ማንበብ ስላልቻልኩ ተሳስቼ ያለ ቦታችን ማውረዴ እንደሆነ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባታቸው ያን ቀን እስኪመሽ ቆሞ ጠብቆናል። እውነቱን ሳልነግረው ሞተ።

ዛሬ ከእኛ ሰፈር ወፍጮ ቤት በማትበልጥ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሴቷ ዓይኗን ጠረገች። ወንዱ ግን «እማዬ ደግሞ! እኛ እኮ ጀብደኛ ናት እያልን ስናወራልሽ ነው የኖርነው!» ብሎ ሳቀ። እሷም የጣቢያውን ስም ሰሌዳ አሳየችኝና «በይ፣ የት እንደወረድን አንብቢልን» አለች። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ይኸው፣ ዘንድሮ አውቀን ጠፋን» አለ ወንድሟ።

ቦታ አለቀብኝ፤ ለእናትሽና ለልጆችሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ይቺን ጠርዙ ላይ የጻፍኳትን ካርዱን አዙረሽ አንብቢያት፦ ነገ ጠዋት ሦስታችንም ወደ ድልድዩ እንሄዳለን። አባታቸው የጠበቀን እዚያ ነበር።