የአምስት ቁጥሩ ሰደርያ

ይድረስ ለእማማ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ውርጩ ሲጀምር እንደሚብስብዎ ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ልጠይቅ ብዬ ነው። የደጃፍዎ ደረጃ በረዶ ሲጋግር መቼም ሰው ይጥላል፤ አሸዋ የሚበትንልዎ ሰው ተገኘ ወይስ ዘንድሮም አካፋውን ይዘው ራስዎ ይታገሉታል? ድመቷስ ከነኩራቷ አለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ወገቤን ይዤ እንደ ሽማግሌ እነሳለሁ። ሐይቁን ዞሬ በሃያ ደቂቃ እርስዎ ዘንድ መድረስ የምችል ሰው ደብዳቤ ስጽፍ እንደሚገርምዎ አውቃለሁ። የማወራው ነገር ፊትዎን እያዩ የሚወራ ሆኖ አላገኘሁትም።

እማማ፣ ይህን ካነበቡ በኋላ ልጄ ብለው ይጠሩኝ እንደሆነ አላውቅም። የምፈራው እሱን ብቻ ነው። ሌላው ሌላው ያልፋል።

ስላለፈው ቅዳሜ ጨዋታ ከተማው ምን እንደሚለኝ መቼም ሰምተዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም እኔስ በደንብ እሰማለሁ። ዳቦ ቤት ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። የነዳጅ ማደያው ሰውዬ ደግሞ ደፋር ነው፤ አስራ ስምንት ዓመት ተጫውተህ በመጨረሻዋ ሁለት ደቂቃ ከሊጉ አወረድከን፣ ጎበዝ፣ ብሎ መልሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። እውነቱን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከሩቅ ነው። ቡድኑ እርስዎ ቤት ሲያስጠጋኝ አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አንድ ቦርሳና አንድ ጥንድ ጫማ ይዤ። ልጅዎ ሲክስተን በሩን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ይህን ረጅም ቀጭን እንጨት ነው እንዴ መሀል ተከላካይ የሚሉት፣ ብሎ ሳቀብኝ። በሳምንቱ ጎን ለጎን ተሰለፍን። እሱ በግራ፣ አምስት ቁጥር፤ እኔ በቀኝ፣ አራት ቁጥር። ስድስት ዓመት እንደዚያ ነበርን።

እርስዎ ስታዲየም የሚመጡት ለልጅዎ ብለው እንጂ ኳስ ብዙም አይወዱም፤ ስለዚህ አንዲት ነገር ላስረዳዎ። ሁለት መሀል ተከላካዮች አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ የሚያደርጉት አብረው ወደፊት በመውጣት ነው። አንዱ «ወደፊት!» ሲል ሌላው በዚያችው ቅጽበት ይወጣል። ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ዞሮ አያይም። አንዱ ግማሽ እርምጃ ከዘገየ ሁሉም አለቀ። አሰልጣኛችን ስቱሬ ዓይናችንን በጨርቅ አስሮ ያለማምደን ነበር። «የጓደኛህን ድምፅ ከገዛ ዓይንህ አስበልጠህ እመን፤ ዞሮ የሚያይ ተከላካይ የሞተ ተከላካይ ነው» ይለን ነበር። እኛም አመንን። በስድስት ዓመት ውስጥ ሲክስተን ጠርቶኝ ያልወጣሁበት፣ እኔም ጠርቼው ያልወጣበት አንድም ቀን አልነበረም። ሜዳ ላይ ማለቴ ነው።

ከዚያ ያ የካቲት መጣ፤ በረዶው ሐይቁ ላይ ሲክስተንን ከዳው። እኔ ብቻዬን ተመለስኩ። የተናገርኩትን ያውቁታል፤ የመቃብሩ ድንጋይ ላይ አስቀርጸውታል። «ጓደኛውን ተመለስ ብሎ አዳነው» ይላል። ደጋፊውም ቃሏን ወሰዳት። በየጨዋታው በአምስተኛው ደቂቃ በሰሜን በኩል ያለው ደጋፊ ብድግ ብሎ «ተመለስ!» ሲል እርስዎ ሁሌ ያለቅሳሉ፤ እኔ ጫማዬን አስራለሁ። ያልተፈታ ጫማ።

ከቀብሩ በኋላ በመጀመሪያው ጨዋታ ከግራ ትከሻዬ ኋላ ጠራኝ። እማማ፣ አልቀበዠርኩም፤ ሰክሬም አልነበረም። በግራዬ የተሰለፈው አዲስ የመጣ ኖርዌያዊ ነበር፤ አፉን አልከፈተም። ድምፁ የሲክስተን ነው። «ወደፊት» አለኝ። ረጋ ብሎ፣ እንደ ልማዱ፤ ግን ውሃ የዋጠ ሰው እንደሚናገረው ነበር። እግሬ በራሱ ወጣ። ቀና ስል የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አንሥቷል፤ አጥቂው ሁለት እርምጃ ከጨዋታ ውጪ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል።

ስሜ የወጣው እንደዚያ ነው። ጋዜጣው ጀርባው ላይ ዓይን አለው ብሎ ጻፈልኝ። ዴንማርክ ወሰዱኝ፤ ሰባት ዓመት ተጫወትኩ፤ እዚያም ተከተለኝ። ለአገሬ ሁለት ጊዜ ተሰለፍኩ፤ በሁለቱም መዝሙሩ ሲዘመር ከግራዬ ሲያስል ሰማሁት። ሰው ተሰጥኦ ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ አመሰግን ነበር። አይ እኔ! የሞተ ሰው እየመራኝ እኔ እሸለማለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አገር ቤት ስመለስ ቡድኑ አዲስ ነገር ገዝቶ ነበር። ከማሊያ ሥር የምንለብሰው ጠባብ ሰደርያ ነው፤ ጀርባው ላይ የክብሪት ሣጥን የምታህል መሣሪያ አለችው፤ የት የት እንደሮጥክ ትመዘግባለች። ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ቁጥር ባንድ ሣጥን መጣ። አምስት ቁጥር ከሲክስተን በኋላ ለማንም ስለማይሰጥ ሰደርያውን እሱ ልብስ ይሰቅልበት በነበረው መስቀያ ላይ አንጠለጠሉት። ማንም አልለበሰውም።

መሣሪያውን የሚቆጣጠረው አርቪድ ይባላል፤ ጸጥ ያለ፣ ከሰው ይልቅ ከኮምፒውተር ጋር የሚግባባ ሰው ነው። አንድ ሰኞ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። እንዳትስቅብኝ አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ሜዳው ተዘርግቷል፤ የኔ መንገድ በሰማያዊ ተሥሏል። ከሱ በስተግራ፣ አራት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ሌላ መስመር አለ፤ ግራጫ። ስወጣ ይወጣል። ስመለስ ይመለሳል።

የማን ነው አልኩት። መልሱን እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

«የአምስት ቁጥር ነው» አለኝ። «ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሮጧል። እኔ መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ጽፌያለሁ፤ አንተም እንደዚያ በል።»

መልበሻ ክፍል ሄጄ ሰደርያውን ነካሁት። ጫፉ ርጥብ ነበር፤ ቀዝቃዛ። የሐይቅ ሽታ ሸተተኝ። ከዚያ ወዲያ አርቪድና እኔ በየሰኞው ሳንነጋገር እናየው ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ጨዋታ አልቀረም።

አሁን እውነቱን ልንገርዎ። ብዙ ዞርኩ፣ ይበቃል።

ሲክስተን በመንሸራተቻ ጫማው የረጋው ሐይቅ ላይ ፊት ፊት ይንሸራተት ነበር፤ እኔ ከኋላ። በረዶው ሲሰበር ድምፁ ያን ያህል አልነበረም። እስከ አንገቱ ገባ። ቧጥጦ የሚወጣበትን የበረዶ መንጠቆ መኪናው ውስጥ ረስቶት ነበር። እኔ እንደተማርነው በሆዴ ተኛሁና ገመዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ወረወርኩ። አጠረ። ደግሜ ወረወርኩ፤ ሁለት ሜትር ያህል አጠረ። ሁለት ሜትር በደረቴ ብሳብ ይደርሰው ነበር። ያኔ ጠራኝ። አልጮኸም። ሜዳ ላይ እንደሚጠራኝ፣ ረጋ ብሎ፣ «ወደፊት» አለኝ።

ከሥሬ በረዶው ሲያቃስት ሰማሁ። እናም ወደኋላ ተሳብኩ። ገመዱን ወደ ራሴ እየሰበሰብኩ፣ ዓይኑን እያየሁ፣ ወደኋላ ተሳብኩ። ሁለተኛ ጠራኝ። ሦስተኛም ጠራኝ። ከዚያ መጥራቱን ተወ።

«ተመለስ» የሚለው ቃል ከሱ አፍ አልወጣም፣ እማማ። የወጣው ከኔ አፍ ነው፤ እርስዎ ኩሽና ውስጥ፣ እጄን ይዘው «ልጄ ምን አለ?» ሲሉኝ። ሌላ የምለው አጣሁ። እርስዎም አቀፉኝ፤ ምነው ባላቀፉኝ ብዬ አስራ ሁለት ዓመት አስቤአለሁ። ሜዳ ላይ ሲጠራኝ አንድም ቀን ያላመነታሁት ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ቀርቼበታለሁ፤ ሁለተኛ አልቀርበትም ብዬ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የላኩልኝ ካርድ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ አሁን በዚያች በተንቀጠቀጠች ጽሕፈትዎ «ቃሉ እሱ ነበር? እርግጠኛ ነህ?» ብለው ጻፉልኝ። እጄ ሳይንቀጠቀጥ መለስኩልዎ። አዎ፣ ተመለስ ነው ያለኝ፣ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ ብዬ። ለምን አሁን እንደጠየቁኝ ግን ገርሞኝ ነበር።

ቅዳሜ የሙታን መታሰቢያ ነበረ፤ ሰዉ ከመቃብሩ ሻማ አብርቶ ቀጥታ ወደ ስታዲየሙ ነው የመጣው። ለኔ የመጨረሻዬ ጨዋታ ናት፤ ቡድኑ ላለመውረድ እኩል መውጣት ይበቃዋል። ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ግራዬ ዝም አለ። ሳል የለ፣ ጥሪ የለ፣ ምንም የለ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከለመድከው መንፈስ ይልቅ ባዶ ቦታ እንደሚያስፈራ ያን ቀን አወቅኩ። በገዛ ዓይኔ እየተጫወትኩ፣ እየተንገዳገድኩ፣ እስከ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ዜሮ ለዜሮ አደረስኩት።

ኳሷ ከመሀል ስትላክ ሦስቱ ተከላካዮች ወደፊት ወጡ። እኔም አንድ እግሬን አንሥቻለሁ። ያኔ «ተመለስ!» የሚል ሰማሁ።

ደጋፊው በአምስተኛው ደቂቃ ከሚለው በቀር፣ በዚያ ቃል በዚህ ሁሉ ዓመት ሜዳ ላይ ተጠርቼ አላውቅም። ድምፁም የሲክስተን አልነበረም፤ ቀጠን ያለ የሴት ድምፅ ነው፣ ውሃም የለበትም። ከትከሻዬም አልመጣም። ከጀርባዬ፣ ከግቡ ኋላ ካለው አጥር በኩል ነው የመጣው። እግሬ ሳይጠይቀኝ ወደኋላ ሄደ። አጥቂው በኔ ምክንያት ከጨዋታ ውጪ ሳይሆን ቀረ፤ ገብቶ አገባ። ወረድን።

ሰኞ አርቪድ ጠራኝ። ፊቱ ነጭ ወረቀት መስሏል። ግራጫው መስመር ሜዳው ላይ የለም። ከሜዳው ውጪ አንዲት ነጥብ ብቻ አለች፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ንቅንቅ ያላለች። ቦታውን ለክቶ ነገረኝ፤ ከግቡ ኋላ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከደረጃው ሰባተኛ ወንበር። ወርጄ ቆጠርኩ። ስምንተኛው የርስዎ ነው፣ እማማ። ሰባተኛው፣ ቦርሳዎን የሚያስቀምጡበትና ሰው ሊቀመጥ ሲል ተይዟል የሚሉት ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሚሉት አልጠየቅኩም።

ማን እንደጠራኝ አልጠይቅዎትም። እሱ ምን እንደነገረዎትም አልጠይቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ድንጋዩን ያስፍቁት ወይም ይተዉት፤ ከተማው ይወቅ ቢሉም አልክድም። እኔ የፈለግኩት ከኔም አፍ እንዲሰሙት ነው።

ሐሙስ የአተር ሾርባው እንደ ወትሮው ካለ እመጣለሁ። ካልፈለጉኝ መጋረጃውን ይዝጉት፤ ከመንገድ አይቼ ዝም ብዬ እሄዳለሁ። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ግን፣ ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ስቀመጥበት የኖርኩት፣ የሱ ነበር። ሰው ካለበት ቆሜ እበላለሁ።

ጉልበትዎን ይማርልዎ። ቤትዎን ሙቀት አይለየው፤ ክረምቱን በሰላም ያሳልፍልዎ፤ አጠገብዎ ለተቀመጠውም እረፍት ይስጠው።

ከልጅዎ ጋር ወጥቶ ብቻውን የተመለሰው፣
የልጅዎ ጓደኛ