ከጎማ ቤቱ ጀርባ የጎረስኩት

ኦክላንድ
መጋቢት 22 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለፋሲል፣

እንዴት ሰነበትክ? አባባስ እንዴት ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርልህ አስቤ ነበር። ግን ደህና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ያንተ ደብዳቤ ባለፈው ሐሙስ ደረሰኝ። ከአዛውንቶቹ መጦሪያ ሌሊት ሠርቼ እንደገባሁ፣ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳላወልቅ ነው የከፈትኩት። አባባን ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ስትወስዳቸው ወረታ ሳትደርሱ መኪናው ተሰበረ። ጥሩ፣ ያጋጥማል። ከጋራዡ ጓሮ ሀረገወይን የምትባል ሴት የሱፍ ፍትፍት አቀረበችላችሁ። እሱም ጥሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ምንድን ነው? ሱፉ እንዴት እንደ ወተት እንደ ነጣ፣ ቃሪያው እንዴት እንደ ተሰነገ፣ ውኃውን እንኳ በምን ዓይነት ማሰሮ እንዳቀረበች! "ዘይትና ጎማ በሚሸት ቦታ እንዲህ ያለ ምግብ ይገኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም" ብለሃል። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ሀረገወይን እጅ ጽፈህ ስለ መመለሻህ ያለው ግን አንድ ቃል ነው፤ "እናያለን" ይላል። የቲኬትህ ቀን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ምኑን ነው የምናየው?

ደግሞስ ሴትዮዋ ስንት ዓመቷ ነው? ባል አላት? ስለ ቃሪያዋ ይህን ያህል የጻፈ ሰው ይቺን እንዴት ይረሳል?

"ውቤ ደግሞ መቅናት ትወጃለሽ" እንደምትል አውቃለሁ። አዎ፣ እቀናለሁ። አልደብቅህም። የማይቀና ሰው ካለ የሚቀናበት ነገር የሌለው ነው። አሁን ግን ተራዬ ነውና ስማኝ፤ እኔም መንገድ ወጥቼ ነበር፣ እኔም በልቻለሁ።

የአጎቴ ልጅ ተናኘ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ እልል በል። ትናንት ደብረ ዘይት ስለሆነ አስቀድሼ፣ በባርት ባቡር እስከ ፍሪሞንት፣ ከዚያ በባስ ሳን ሆዜ ድረስ ልጠይቃት ሄድኩ። ቤቱ የአራስ ቤት ነው፤ ገንፎው በቅቤ ተጥለቅልቋል፣ ዶሮው ምድጃው ላይ ይንተከተካል። ጾመኛዋ እኔ መሐል ቁጭ ብዬ ምራቄን እውጣለሁ።

"ውብዬ፣ ሶሪ፣ የጾም ነገር ምንም የለኝም። ብሩክም ሾፕ አላደረገም። ሰላድ ልሥራልሽ፣ በሞቴ?" አለችኝ።

አራስ ከአልጋዋ ተነስታ ሰላድ ልትሠራልኝ! በልቼ ነው የመጣሁት ብዬ ዋሸኋት። ልጁን ስሜ፣ መርቄ ተነሳሁ።

"ብሩክን ዌይት አድርጊው፣ ራይድ ይሰጥሻል" እያለች ለመነችኝ። ባልሽን አላስቸግርም፣ ባስ አለ አልኳትና ወጣሁ። ባሱ ግን የእሑድ ባስ ነው፤ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም። መቆሙ ሲሰለቸኝ ወደሚቀጥለው ፌርማታ በእግሬ አዘገምኩ። በስተግራዬ የጎማ ቤት አየሁ። ጎኑ ላውንደሪ ነው። በሁለቱ መሐል የምታስገባ መንገድ ነበረች፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

አምና በዚሁ ሁዳዴ የተጣላነውን ታስታውሳለህ። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን በፎይል ሸፍኜ ፍሪጅ ውስጥ ትቼልህ ሥራ እገባለሁ፤ ጠዋት ስመለስ እንዳስቀመጥኩት አገኘዋለሁ። "በልቼ ነው የገባሁት" ትላለህ። የት? "ሳን ሆዜ መንገደኛ ሳደርስ፣ ከጎማ ቤት ጀርባ፣ ቬትናሞች ጋ። የጾም ነው።" ቬትናም ከመቼ ወዲህ ነው ሁዳዴ የሚጾመው ብዬ ጮህኩብህ። ሸሚዝህም የሆነ ነገር ይሸት ነበር፤ የሴት ሽቶ ነው አልኩህ። አንተ ግን ሳቅክ። ያ ሳቅህ እስካሁን ያቃጥለኛል።

እና ገባሁ። ርቦኝ የገባሁ እንዳይመስልህ፤ ልይዝህ ነው የገባሁት። ጎንደር መሆንህን እያወቅሁ ልይዝህ ገባሁ።

ጠባብ ቤት ናት፤ ጥቂት ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ወንበር። አንድ ራሱን የተላጨ፣ ቡናማ ልብስ የለበሰ መነኩሴ ጥግ ላይ ጎንበስ ብሎ ይበላል። መነኩሴ ሳይ ልቤ ትንሽ ረጋ አለ። አንዲት ሴት ከማድ ቤት ወጥታ ፈገግ ብላ አስቀመጠችኝ። ምናሌውን ማንበብ ስላልቻልኩ የመነኩሴውን ሳህን በጣቴ አሳየኋት፤ እሱ የሚበላው አያስኮንነኝም ብዬ ነው።

የመጣልኝ የዶሮ እግር ነው። ከነአጥንቱ፣ ቆዳው በደንብ ተጠብሶ።

"ኖ ቺክን! ጾም! ፋስቲንግ!" ብዬ ብድግ ስል ወንበሩ ወደቀ። ለካ ባሌ ሁዳዴን በዶሮ ሲገድፍ ነው የከረመው አልኩ፤ መነኩሴውንም በክፉ ዓይን አየሁት። ሴትዮዋ እየሮጠች መጣች።

"ኖ ቺክን! ቢን! ቢን!" አለች። አላመንኳትም። በጣቷ አጥንቱን መዝዛ አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። አጥንት አይደለም፣ የጠጅ ሣር አገዳ ነው። ሥጋው አኩሪ አተር፣ ቆዳውም የአኩሪ አተሩ ወተት ስልባቦት ነው አለችኝ። ጠጅ ሣሩን ሳሸትተው ያንተ ሸሚዝ ነው። ሽቶ ነው ያልኩህ እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ይቅርታ የምጠይቅህ ከመሰለህ ተሳስተሃል፤ ገና አልጨረስኩም።

ቀመስኩት። ፋሲል፣ ይጣፍጣል። ባይጣፍጥ ምናለበት ብዬ ጸለይኩ፣ ግን ይጣፍጣል። ሲነክሱት ከላይ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ በርበሬው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሽንኩርቱን በምን አቁላልታው ነው ብዬ ስጠይቃት ሽንኩርት እንደማታገባ ነገረችኝ፤ መነኮሳቱ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይቀምሱም። ያለ ሽንኩርት! እኔ ለአንድ ድስት ወጥ ዓይኔ እስኪጠፋ እከትፋለሁ፣ እሷ ያለ ሽንኩርት ባሌን ታጠግባለች። ሴት ብቻ ብትሆን ኖሮ እችላት ነበር፤ ባለሙያ ስትሆን ግን በምን ልጣላት?

ሴትም ናት ደግሞ። ላን ትባላለች። አርባ ቢሆናት ነው። ቆንጆ ናት፣ ልዋሽህ አልችልም፤ መቼም ከእኔ የበለጠ አንተ ታውቀዋለህ።

"አንድ ኢትዮጵያዊ ሾፌር ታውቂያለሽ? ረጅም፣ ሰማያዊ ቫን የሚነዳ?" አልኳት።

ፊቷ በራ። "ሚስተር ፋስ! ዌር ሂ ጎ? ሎንግ ታይም!"

ፋስ! እኔ ከአንቱ ወጥቼ ፋሲልዬ ለማለት ስንት ወር ፈጅቶብኛል፣ እሷ ስምህን ቆርጣ ግማሹን አስቀርታዋለች። አባቱ ታመውበት አገር ቤት ነው ስላት ደረቷን ይዛ አዘነች። ከዚያ ሳልጠይቃት ታሳየኝ ጀመር። የምሳው ሰው ሲሄድ አንተ ትመጣለህ። እዚህ ትቀመጣለህ፣ እሷ ፊት ለፊትህ፣ ሳህኑ መሐላችሁ።

"ዋን ፕሌት?" አልኳት።

"ዋን ፕሌት! ሂ ሴይ፣ ኢት አሎን ኖ ጉድ።"

ብቻ መብላት ደግ አይደለም ብለሃታል! እኔ ባል አለሽ ወይ ብዬ ነው የቀጠልኩት። ባሏ በጀልባ ሲሰደዱ ባሕር ላይ ጠፍቷል። ላዝንላት ይገባ ነበር፣ አዘንኩላትም፤ ግን መጀመሪያ ልቤን የወጋው "ባል የላትም" የሚለው ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ምግቡን ትቼ ያን የፕላስቲክ ወንበር ማየት ጀመርኩ። ፋሲል፣ እኔና አንተ ለመጨረሻ ጊዜ ከአንድ ትሪ የበላነው የገና ዕለት ነው፣ እሱም ያምናው ገና። አንተ ስትወጣ እኔ እተኛለሁ፣ አንተ ስትገባ እኔ ወጥቻለሁ። እኔስ ሌሊት የምሠራው ለደስታዬ ነው?

ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ከሳህኑ ቆንጠር አድርጋ፣ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልላ፣ በግራ እጇ የቀኟን ክንድ ደግፋ ወደ አፌ ዘረጋችው። "ጉርሻ!" አለች። ስሙን ከነአጠራሩ አስተምረሃታል። ምን ላድርግ? የተዘረጋ እጅ አይመለስም፣ ጎረስኩ። ጎርሼ ሳላበቃ ጠየቀችኝ።

"ዩ ሂዝ ሲስተር?"

"ዋይፍ" አልኳት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። "ኦ! ሂ ሃቭ ዋይፍ?"

አፌ ሙሉ ስለነበረ ራሴን ነቀነቅሁ። ደነገጠች። ሁልጊዜ ብቻህን እንደምትመጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ለቤት አስጠቅልለህ ወስደህ እንደማታውቅ፣ እቤት የሚጠብቅህ ሰው የለም ብላ እንዳሰበች በዚያ በሰባራ እንግሊዝኛዋ አስረዳችኝ። እንባዬ መጣ። በርበሬው ነው አልኳት። እሷ ደግሞ ሌላ ጠቀለለች። "ቱ! ሂ ሴይ፣ ዋን፣ ፋይት። ቱ፣ ጉድ" አለችኝ። አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ብለህ አስተምረሃታል! ሁለተኛውንም ጎረስኩ። ሒሳብ አልቀበልም አለችኝ፣ የቀረውንም በዕቃ አድርጋ ሰጠችኝ። ባስ ውስጥ እጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። አሁን ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ አልነካሁትም።

ሌላ ወሬ የለም። አለቃህ ሁለቴ ደውሎ ነበር፤ አንተ እንዳልከው "እናያለን" ብዬዋለሁ። እኔም ሱፐርቫይዘሬን ወደ ቀን ሺፍት እንድታዛውረኝ ጠይቄያታለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ እሺ ብላኛለች። ወገቤን ስላመመኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልግለት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ላን ሚስት የለውም ብላ ያሰበችው ሳትጠይቅህ ቀርታ ነው፣ ወይስ ጠይቃህ የለኝም ብለሃት? እዚያው ልጠይቃት እችል ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ለዚያ አያንስም። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እሷ ብትነግረኝ ኖሮ እዚያው ወንበር ላይ እቀር ነበር። አንተ ንገረኝ። የመጣው ይምጣ፣ ከአንተ አፍ ይሁን፤ ከቻልክ ደግሞ በደብዳቤ ሳይሆን እዚህ፣ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠህ።

የአባባን ጉልበት ሳምልኝ። እመብርሃን ከአልጋቸው ታንሳቸው፣ አንተንም ከክፉ ትጠብቅህ፣ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ታድርስህ። ታድርሰን ልልህ ነበር፤ እሱ ግን በአንተ እጅ ነው።

ሚስትህ፣
ውብዳር