ሻምበልና ከገደሉ በታች የሚነፍሰው ነፋስ

መስከረም 22
መካነ ብርሃን ገባሁ። የእህቴ ልጅ ዳግማዊት እዚህ አስተማሪ ናት። አዘዞ እኔ ጋ የከረመውን ውሻዋን፣ ሻምበልን፣ አመጣሁላት። መንገድ ላይ ሁለቴ አስመለሰው። የመኪናው ረዳት ሲቆጣ «እኔ ነኝ» አልኩት። አመነኝ።

ጉሙ በደጅ ይገባል፣ በጓሮ ይወጣል። አገሩ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ይመስላል።

«አጎቴ፣ ከጓሮው ጀርባ ገደል ነው። ጉም ሲወርድ ሻምበልን እሰረው።»
«እኔንስ?»
«አንተንም።»

መስከረም 25
ጎረቤታችን አያ አለበል ገብሳቸውን ከጭላዳ ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። ሻምበልን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭላዳ ሲባረር ገደሉን እንደ ደረጃ ይወርዳል... ውሻ ይከተለዋል። የእሳቸው ውሻ አምና እንዲህ ሆኖ ቀረ።

«የኛ የሰለጠነ ነው» አልኳቸው። ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል የለየሁ ሰው ውሻ ማስተማር ያቅተኛል? ባዶ እጄን ጨብጬ «ሻምበል፣ ና፣ ዳቦ» አልኩ። እየበረረ መጣ። እጄን አሸተተ... ዓይኔን አየኝ። ሳቅሁ። ደገምኩት። በአምስተኛው ቁጭ ብሎ አዛጋ።

«ምነው ታታልለዋለህ? ኋላ አያምንህም» አለች ዳግማዊት። ቁም ነገረኛ። ቁርጥ እናቷን።

መስከረም 27
ጉም ብቻ። ቀኑን ሙሉ የራሴን እግር አላየሁም። ደስ ይላል... ሞቼ ይሆን እንዴ?

መስከረም 29
ፈታሁት። ገመዱ ረጥቦ አንገቱን ሲፍቀው አሳዘነኝ። ጉሙም የሳሳ መስሎኝ ነበር።

ጭላዳዎቹ ገብሱ ውስጥ ጮኹ። አያ አለበል ጅራፋቸውን አጮኹ። ሻምበል ነጩ ጉም ውስጥ ገባ... ጠፋ።

«ሻምበል፣ ና!» የውሻው ጩኸት ከታች ይሰማል። ወይስ ከጎን? «ና፣ ዳቦ!» ይህን ጊዜ እውነቴን ነበር። በምን ይወቅ?

ልሮጥ ስል አያ አለበል ክንዴን ያዙ። «ቁም። ጉሙ ላንተም ያው ነው። ልጅቱን ላስጠራ።»

ዳግማዊት ጠመኔ እንደያዘች መጣች። አልጮኸችም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እራቱን እንደምታቀርብለት ሁሉ፣ በቀስታ ስሙን ጠራች። ደግማ። ደግማ...

ከነጩ ውስጥ መጀመሪያ አፍንጫው መጣ። ሁለት የፊት ጥፍሮቹ ተነቅለዋል። የገደሉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ዳግማዊት ውሻውን ታቅፋ ወደ ቤት ገባች። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

ጥቅምት 3
እግሩን ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠብኩለት። ዳቦ ይዤ ጠራሁት። የእውነት ዳቦ። አልመጣም።

አያ አለበል፦ «ውሻ ገደልን በአፍንጫው ነው የሚያውቀው። ሰማዩ ሲጠራ በገመድ ይዘህ ሂድና ከታች የሚመጣውን ነፋስ አስሸትተው። በሆድህ ተኛ። አንተ ካልተኛህ እሱም አይጠጋም።»
«የእርስዎን እንዲህ አስተምረውት ነበር፣ አያ?»
«ከሄደ በኋላ ነው የገባኝ።»

ጥቅምት 6
ዛሬም ገደሉ አፍ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ሻምበል ገመዱ እስኪወጠር ርቆ ቆመ። ታች ደመና፣ ከደመናው በታች ጭስ፣ መንደር... እዚያ ያለ ሰው ሽቅብ ቢያየኝ ምን ይለኝ ይሆን?

ጥቅምት 11
ወደ አዘዞ የምመለስበት ቀን አለፈ። ማንም ሂድ አላለኝም።

ሰማዩ ጠራ። በሆዴ ተኛሁ። አልጠራሁትም። መጥቶ ጎኔ ተጋደመ። ሰውነቱ ይሞቃል። ነፋሱ ከታች መጣ፤ ጦስኝና እርጥብ ድንጋይ ይሸታል። አፍንጫው ተንቀጠቀጠ፣ የጀርባው ጸጉር ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሸሸ።

እኔ ገና ታች እያየሁ ነበር። ገመዱ እጄ ላይ ተጠምጥሟል። ሳበኝ። ተወኝና እንደገና ሳበኝ፣ እስክነሣ ድረስ።

ሳልቀልድ ተከተልኩት።