ሦስት ስም ያለው አሳባቂ

እህቴ ታሳዲት፣ እንደምን ከርመሻል?

ካርዱን ገልብጠሽ ፎቶውን ስታዪ እንዳትደነግጪ። አዎ፣ ራሱ ነው። በወይራችን ላይ እያንዣበበ፣ የተደበቀውን አይቶ ለወታደሮች ይናገር የነበረው፣ እኛ አሳባቂ ያልነው አውሮፕላን ነው። እዚህ ፓሪስ አጠገብ ባለ ሙዚየም፣ ጣሪያው ላይ በሽቦ አስረው አንጠልጥለውታል።

ልጄ ፋዲላ ጽሑፉን አነበበችልኝ። መጀመሪያ የሠሩት ጀርመኖች ሽመላ ብለውት ነበር። ፈረንሳዮች ጀርመኖቹን ከአገራቸው ሲያባርሩ አውሮፕላኑን አላባረሩትም። እነሱም ያንኑ መሥራት ቀጠሉ፣ አንበጣ ብለው ሰየሙት፣ ወደ አልጄሪያ፣ ወደ እኛ ተራራ ላኩት። ባለቤቴ ለፈረንሳይ ሲዋጋ ከሽመላው ተደብቆ ተረፈ፤ ሜዳልያም ሸለሙት። ልጃችን መዚያን ግን ፈረንሳይን ሲዋጋ ከአንበጣው አላመለጠም።

«እማዬ፣ ቀና ብለሽ እዪው እንጂ!» አለችኝ ፋዲላ።

ለካ አቀርቅሬ ቆሜያለሁ! ቀና ያለ ፊት ከአውሮፕላን ላይ ሲያዩት ያበራል፣ ያስታውቃል እያልን፣ ወይራ ስንለቅም ቀና እንደማንል ታስታውሻለሽ። በመዚያን መደበቂያ ላይ ሲዞር እንኳ ቀና አላልኩም።

የሙዚየሙ ዘበኛ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «አይዞዎት እናቴ፣ አይወድቅም» አለኝ።

«መውደቁን መች ፈራሁ? መናገሩን ነው እንጂ» አልኩት።

ከዚያ ቀና አልኩ። እንዴት ትንሽ ነው ታሳዲት! አቧራ ለብሷል።

ቦታው አለቀብኝ። ጎረቤቶቹን ሁሉ ሳሚልኝ፣ ጉልበትሽንም ከብርድ ጠብቂ። ዓርብ መቃብር ስትወርጂ ደግሞ መዚያንን «አሳባቂው ታስሯል» በዪልኝ።

ዳህቢያ