ካዝናው ወጥቶ የቀረችው አንዷ ጥይት

ይድረስ ለወንድሜ ለሙንዚር፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል ወንድምዬ? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? ያመኛል ያልከኝ ወገብህ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ዝም ብለህ ተሸክመኸዋል? አሠሪህስ ጁምዓ ያሳርፍሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶብን ነበር፣ ሰሞኑን ጣል ጣል ማድረግ ጀምሯል። ልጄ ለይላ ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ አፏ እኔን ወጥቷል ይላሉ። እንደ ወትሮው ሁሉ ደብዳቤዬን «እማ ሰላም ትልሃለች» ብዬ አልጀመርኩም፤ ያላለችውን ብላለች ብዬ ዋሽቼህ አላውቅምና።

ባለፈው በስልክ «ምን ሆናችሁ?» ስትለኝ ለቅሶ ብቻ ስለቀደመኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ይህን የምታደርስልህ ወደዚያ የምትመለሰው ከይሪያ ናት። አትደንግጥ፣ የሞተ ሰው የለም። እኔ ግን እስካሁን ከድንጋጤዬ አልወጣሁም።

ሙሄዲን የፊት ለፊቱን ክፍል ጌም ቤት እንዳደረገው ነግሬህ ነበር። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፤ ባሌ በዚህ ራሱን ኢንቨስተር አድርጎ ነው የሚቆጥረው። እማ ከገራዶ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ስትጀምር የለመነችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠመንጃ ያለበት ጨዋታ በዚህ ቤት እንዳይከፈት። እኛም በሩ ላይ «ኳስ ብቻ» ብለን ለጠፍን። ደንበኛው ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ እኛም አንናገርም።

አሁን የምታውቀውን መልሼ የምነግርህ ቁስልህን ልነካካ ብዬ አይደለም፣ የሚመጣው እንዲገባህ ነው። በአጎታችን በእንድሪስ ልጅ ሰርግ ላይ የአጎታችንን ክላሽ ተቀብለህ ካዝናውን አወጣህ፤ «ባዶ ነው» ብለህ ምላጩን ሳብክ፤ ወንድማችን ጀላል ፊት ለፊትህ ነበር። ፍርድ ቤቱ በቸልተኝነት ነው አለ፣ ታስረህም ወጣህ። የእማ ጥያቄ ግን አንድ ነበር፤ «ጥይት የሚኖረው ካዝናው ውስጥ ነው። ካዝናው እጁ ላይ ከነበረ ልጄን ምን ገደለው?» በዚያው ሳምንት በጋራ በምትነዷት ባጃጅ ሰበብ ከጀላል ጋር መጣላታችሁን ስለምታውቅ መልሱን ለራሷ ሰጠች። እንድሪስ ሊያስረዳት ቢሞክር «አንተ ለጠመንጃህ ጠበቃ ነህ» አለችው። ሽማግሌ ቢላክ ሰማች እንጂ አላመነችም። ከእስር ወጥተህ በሩ ላይ ስትቆም ጀርባዋን ሰጠችህ። ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ ስታደርግ የሁላችንንም ስም፣ የሞቱትን ሳይቀር፣ ትጠራና ያንተ ጋ ስትደርስ ትዘላለች። እኔ አሚን የምለው ስምህን አፌ ውስጥ ሰንቅሬ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ እማ ለጉልበቷ ደሴ ቀጠሮ ነበራትና በጠዋት በሚኒባስ ሄደች። ኃይለ ሚካኤል የሚባል ደንበኛ አለን፤ ወታደር ነበረ፣ አሁን ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ነው። ኳስ አይሆንለትም፣ ሌላ ቤት ያያቸው የጠመንጃ ጌሞች ላይ ግን አቃቂር ማውጣቱን የሚችለው የለም። «ሰውዬው ካዝና ይቀይራል፣ እጁ ግን ብረቱን አይነካውም። ጥይት እያለው እንደገና ያቀባብላል። ይህን የሠራው ጠመንጃ በሥዕል ያየ ሰው ነው» ይላል። በዚያ ቀን ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ዲስክ ይዞ መጣና «አብሽር ሙሄዲን፣ እማማ የሉም። ይቺን የሠራት የሚያውቅ እጅ ነው፣ አንዴ ብቻ እያት» ብሎ ለመነው። ባሌ ደግሞ ሰው ከለመነው ቤቱንም ይሰጣል።

እኔም ሻይ ይዤ ገብቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ወላሂ ሙንዚር፣ ጨዋታ አልመሰለኝም። የጌሙ ሰውዬ እጅ ደም ሥሩ ሳይቀር ይታያል። ጓደኛው በፊቱ ሲያልፍ አፈሙዙን ወደ መሬት ያደርጋል፤ ካልተኮሰ በቀር ጣቱን ምላጩ ላይ አያሳርፍም። ሮጦ ቆይቶ ሲያነጣጥር ትንፋሹ ጠመንጃውን ያነቃንቀዋል። ሰው ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ ለመጫወቻ መሥራቱ ራሱ አስደነገጠኝ። ጥግ ላይ የቀረው ጥይት በቁጥር ይጻፋል። ኃይለ ሚካኤል ጥቂት ተኩሶ ካዝና ቀየረ፣ ሳያቀባብልም «ቁጥሩን እዩት» አለን። ሠላሳ አንድ ይላል። ካዝናው የሚይዘው ሠላሳ አይደለም ወይ ብሎ ሙሄዲን ጠየቀው። «አንዷ ቀድማ በርሜል ውስጥ ገብታለች። ካዝናው ሲወጣ እሷ አትወጣም» አለና፣ ሊያሳየን ካዝናውን አስወጥቶ ሌላ ሳያስገባ አቋረጠው። ሠላሳው ጠፍቶ አንድ የሚል ቁጥር ብቻ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ «ካዝናው ወጥቷል?» የሚል ድምፅ የሰማሁት። እማ ናት። ቀጠሮዋ ቶሎ አልቆላት፣ የግቢው በር ተቆልፎ ስላገኘችው በጌም ቤቱ በኩል ገብታለች። በእጄ የያዝኩት ሻይ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ሙሄዲን ሊያጠፋው ሲነሳ በእጇ አስቆመችው። ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ታውቃለች። «ታዲያ ይቺ አንድ ምንድን ናት?» አለችው ኃይለ ሚካኤልን። እሱ ታሪካችንን አያውቅም፤ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላትና በአክብሮት አስረዳት። «ተኩሳት» አለችው። ተኮሰ። ካዝና የሌለው ጠመንጃ ጮኸ።

የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። «ድገመው» አለች፣ ደገመው። ደግማ አስደገመችው። ከዚያ «ልጄ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ጠመንጃው ባዶ ነው ብሎ ያምናል?» ብላ ጠየቀችው። «እማማ፣ ማሠልጠኛ ስንገባ መጀመሪያ የነገሩን ይህን ነው። ሰው የሚጨርሰው ባዶ ነው የተባለው ጠመንጃ ነው። ካዝናውን ያወጣ ሰው እኮ መጠንቀቁ ነው፣ ሊገድል የፈለገማ ምን ብሎ ያወጣዋል?» አላት።

አላለቀሰችም። ክፍሏ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያን ቀንም ሆነ በማግስቱ እህል አልቀመሰችም። እኔ የሙሄዲንን ኢንቨስትመንት ከነዲስኩ መንገድ ላይ ልወረውርለት ምንም አልቀረኝም ነበር። ሁለት ወንድሞቼን አጥቼ አሁን ደግሞ እናቴን ላጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ጉልበቷን ላሽላት ስገባ አንድ ጊዜ ብቻ «ቢልቂስ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር እኮ» አለችኝ። ከእስር የወጣህበትን ቀን ማለቷ ነው። ማሸቴን ቀጠልኩ።

ሐሙስ ተነስታ ውዱእ አደረገች፣ ሰገደች። ዱዓ ላይ ጎረቤቶችም ነበሩ። አባታችንን ጠራች፣ ጀላልን ጠራች፣ እኔን፣ ሙሄዲንን፣ ለይላን። ያበቃች መስሎን እጃችንን ወደ ፊታችን ስናነሳ «ሙንዚርን ካለበት በሰላም መልስልኝ፣ ዓይኑን ሳላይ አትውሰደኝ» አለች። ከድንጋጤ የተነሳ አሚን ያለ አንድ ሰው የለም። ዞር ብላ አየችንና «ምነው፣ አሚን በሉ እንጂ። ልጄ ነው» አለች። ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። የእኔ ድምፅ ግን እምቢ አለኝ፤ እዚህ በጽሑፍ ልበልልህ፣ አሚን።

ሙሄዲን እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል፤ በኔ ዲስክ ነው የታረቃችሁት ብሎ እንዳይኩራራብህ፣ ዲስኩ የኃይለ ሚካኤል ነው። ለይላ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፣ መልክህን ግን ከፎቶ በቀር አታውቀውም። እንድሪስ ትናንት ከገራዶ መጥቶ ነበር፤ እማ እጁን ይዛ አፉ በለኝ ስትለው ሽማግሌው እንደ ልጅ አለቀሰ። እሱም ሰላም ብሎሃል። ኃይለ ሚካኤል ነገሩን ዘግይቶ ሰምቶ በጣም ደንግጧል፤ ባያውቅህም እግዜር ያጽናህ በይልኝ ብሏል።

እማን መጨረሻ ላይ ያደረግኋት ራሷ ስላዘዘችኝ ነው። አጠገቤ ተቀምጣ የጻፍኩትን ሁሉ አስነብባኛለች። አሁን «ጻፊ» እያለችኝ ነው፣ «እናትህ ጣይባ ሰላም ትልሃለች በዪው። ካዝናው እጅህ ላይ እንደነበር አይቻለሁ። ስትመጣ በሩ ላይ አትቁም፣ ግባ።»

እህትህ ቢልቂስ
ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.